የራስ ግብር

በቡርሃንፑር ገበያ፣ በድንኳኑ ጥላ፣
ሚር ዋሲል ተቀምጧል ከሣጥኑ ኋላ።
ከጎኑ ሂርዴራም፣ መቃውን ሞርዶ፣
በፋርስ ፊደላት ቀለሙን አውርዶ።

አሥራ ስምንት ዓመት አንድ ምንጣፍ ይዘው
የጥጡን ቀረጥ፣ የስንዴውን ሒሳብ ቆጥረዋል ተጋግዘው።
ሂርዴራም ልጁን ሲድር ሚር ዋሲል መጥቶ
ደጅ ቆሞ መርቋል፣ ሐር ጨርቅ ሰጥቶ።

ዘንድሮ ከዙፋኑ አዲስ ቃል ወረደ፤
እስላም ያልሆነ ሁሉ የራስ ግብር እንዲከፍል ተፈረደ፤
በገዛ እግሩ መጥቶ፣ ቆሞ እንዲከፍል፤
ተቀባይ ተቀምጦ፣ እጁ ከላይ ይዋል።

ሂርዴራም ይጽፋል።
ባለጸጋው በአንድ ዓምድ፣ መካከለኛው በአንድ፣
ድሃው ከግርጌ። ሴትና ሕፃን፣ ዕብድና ዓይነ ስውር፣ የለባቸውም ፍርድ።

ሸክላ ሠሪው ፓንቻ ሦስት ሩፒ ሲሰጥ፣
የጣቱ ጭቃ አብሮ ሄደ፣ ከመንግሥት ሣጥን ውስጥ።
ዘይት ጨማቂው ቢሁ «ዕብድ ነኝ» ብሎ ዘለለ፤
ሰልፉ ሳቀ። ሚር ዋሲል ሳቁን በጢሙ ከለለ፤
«ጤነኛ ነው፤ ጻፈው» አለ።

ቀትር ላይ ሌላ ደብዳቤ መጣ፤ ያው ማኅተም፣ ያው ቀለም፦
«ለወንዙ ዳር መቅደስ፣ ለመብራቱ ዘይት የተሰጠው መሬት
እንደ ጥንቱ ይቁም።»
የትኛው ነው ንጉሡ?
ሂርዴራም አልጠየቀም። ጸሐፊ አይጠይቅም።
ገለበጠው፤ እስኪደርቅ ብቻ አሸዋ ነሰነሰ።
ከዚያ ዝርዝሩ
ከራሱ ስም ደረሰ።

መቃውን አኖረ። ከምንጣፉ ተነሣ።
ዞሮ ከፊት ቆመ፤ ወገቡን ዳሰሰ፤ ገንዘቡን አልረሳ፤
ስድስት ሩፒ ከአራት አና፣ እንደ መካከለኛ፤
ደረጃውን የመደበው የገዛ እጁ ዳኛ።

ሚር ዋሲል ቀና አላለም።
እጁ ከላይ መሆን ነበረበት። እጁ አልሄደም።
«ተቀበል እንጂ» አለው ሂርዴራም በዝግታ፣
«ሰው ያየናል። ገና ብዙ ስም አለብኝ እስከ ማታ።»

ብሩ መዳፍ ነካ።
ተመልሶ ተቀመጠ፤ ጉልበቱ ተንቋቋ።
«ሂርዴራም፣ ጸሐፊ፣ ስለ ራሱ ከፍሏል» አለ ጽሑፉ፤
ከሌላው ስም ሁሉ ያምራል፤ አልተንቀጠቀጠም ጫፉ።

ማታ ታፕቲ ዳር የመቅደሱን መብራት በርቶ አገኘው፤
ዘይቱ የንጉሥ ነው።
«በስድስት ሩፒ ስንት ሌሊት ይበራል?» ብሎ በጣቱ ቆጠረ፤
አርባ ላይ ሲደርስ ሚር ዋሲል ከኋላ መጣ፤ መንገዳቸው አንድ ነበረ፤
አልተነጋገሩም፤
ቁጥሩም እዚያው ቀረ።