ነገ ዘጠኝ ሰዓት

ከአጂፕ ዝቅ ብሎ፣ ከሸምሱ ጎሚስታ፣
የባጃጄን ጎማ ሚስማር ወግቶት ማታ፣
ላስለጥፍ ቆሜአለሁ። ዝናቡ አላባራም፤
ቆርቆሮው ይጮኻል፤ ክርክር ግን አይፈራም።

ነገ ዘጠኝ ሰዓት ዋንጫ ነው፣ ከአጋሮ ጋር፤
ከቆጪ እስከ ሂርማታ፣ እስከ አዌቱ ዳር
ሌላ ስም አይነሳም፤ ነዚፍ ብቻ፣ ነዚፍ፣
የላኩለት ኳስ ሁሉ ደረቱ ላይ የሚያርፍ።

ሸምሱ ካላማዳሪውን ውኃ ውስጥ ነክሮ፣
አረፋ እየፈለገ፣ አንገቱን አቀርቅሮ፣
«ደረቱ» ይላል፣ «ፍራሽ ነው፤ ኳስ ከሰማይ ወርዳ
ሳትነጥር ትተኛለች፣ ደክሟት እንደመጣች እንግዳ።»

«ግራ እግሩስ?» አለ ታጁ፣ «ለቀኙ ሚዜ ነው፤
ያጅበዋል እንጂ ሙሽርነት የለው።
ግንባሩም ቅንጡ ነው፤ ማዕዘን ምት ሲሻማ፣
ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚዘል፣ ጭብጨባ እስኪሰማ።»

ጠጅቱ ከጃንጥላዋ፣ ከአቮካዶዋ ክምር፣
(እሷ ስትናገር ማንም የለም የሚደፍር)
«መለያውን ይዘው ሁለት ሰው ሲጎትቱት፣
ጀርባውን አጥር አርጎ ሲቆም አላያችሁት?
ሰው እስኪደርስለት ኳሷን ያቆያታል፤
እናንተ ትሮጣላችሁ፤ እሱ መቆም ያውቃል።»

አባ ጊዲ አሉ፣ የአምናው መስመር ዳኛ፣
«ተሰጥኦስ አለው፤ ግን ልቡ ቸኩለኛ።
ኳሷ ሳትላክ በፊት እሱ ተነስቶ ሄዷል፤
ይህ ክንዴ እስከ ዛሬ በሱ ምክንያት ያመኛል።»

ተሳቀ።
ታጁ መቶ ብር አስያዘ፤ ጠጅቱ አንድ ሳጥን አቮካዶ፤
ሸምሱ፣ «ካገባ፣ የሳይክሉን ጎማ፣ ፈንድቶም ቢሆን፣ ነድዶ፣
እስከ ዕለተ ሞቴ በነፃ እለጥፋለሁ!» ሲል ማለ፤
አንዱ ከደጅ ሆኖ «ነገ ይቀመጥ!» ሲል፣
ሌላው «አንተ ግባ በሱ ፈንታ!» አለ።

እኔ ዝም ብያለሁ።
ስምንት ቁጥር ነኝ። ያውቁኛል።
ስለ ተቀባዩ ይሟገታሉ እንጂ፣ ላኪውን ማን ይጠይቃል?

አምና፣ ከሊሙ ጋር፣ ሰማንያ ስምንተኛው ደቂቃ፣
ነዚፍ እጁን ዘርግቶ «አሁን!» ብሎኝ ሮጠ፤ በቃ፣
ሰዓቱ አሁን ነበረ። እኔ ኳሷን አንዴ ነካሁ፤
አንዴ ደግሞ ነካሁ፤ ለማማር፣ ለጭብጨባ፤ ዘገየሁ።
ስልካት ያ ክንድ ተነሳ፣ ባንዲራው ተሰቀለ፤
ሜዳው በሙሉ ነዚፍን «ቸኩለኛ!» አለ።

ልብስ መቀየሪያ ቤት፣ ጭቃውን በሚስማር እየፋቀ ከታኬታው፣
ቀና ብሎ አየኝ።
«ቸኮልኩ» አለ። ይኸው ነው፤ ሌላ ቃል አልወጣው።

«ይኸው!» አለ ሸምሱ። ከውኃው ውስጥ አረፋ
ተከታትሎ ወጣ፣ ጎማው ትንፋሹን ሲተፋ፤
ሚስማር ከነቀልንበት ሳይሆን፣ ማንም ባላየው በኩል።
ማስቲሽ ቀባ፣ ለጠፈ፣ በቡጢው ደበደበው፣ ያለ አንዳች ቃል፤
ቆይቶ፣ «ሠላሳ ብር። አንተስ? ነዚፍ ያገባል አያገባም?»
አፌ ድረስ መጣ።
ዋጥኩት። «እኔ እንጃ» አልኩ፣ «የነገን ማንም አያውቅም።»

ማታ ደወልኩለት። «ነገ ‹አሁን!› ስትለኝ፣
በአንድ ንክኪ ነው፣ ያምናው…» አልኩ፤ ቃሉ አነቀኝ።
ዝናቡ በሱም ጣራ ይሰማል። ቆየ ዝም ብሎ፤
«ግራ እግሬ ላይ ብቻ እንዳትጥልብኝ!» አለ፣ ሳቅ አስከትሎ።