እሱ በምን ያውቃል

ረመዳን ነው ወሩ፣ ጨረቃዋ ጎድላ፣
ሱሑራችን ቆሎ፣ ውሃ ከዚያ ኋላ።
አባቴ ከኋላ ታንኳውን ሲገፋ፣
እኔ ከፊት ሆኜ፣ እንቅልፌ ሳይጠፋ፣
እምቦጩን በእጄ ወዲያ ወዲህ ስከፍል፣
ሐይቁ ከሥሩ ጥቁር ሻይ ሲመስል፣
ከባሕር ዳር መብራት ጥቂቱ ነው የቀረ፤
አባቴ ግንባር ላይ የፈጅር አፈር ነበረ።

መረባችን አንድ ናት፤ እሷም የዱቤ ናት፤
ሐጅ ሙዘይን ናቸው በደብተር የሰጧት፣
«በአራት ወር ክፈሉ» ብለው የጻፏት።
ጠረኗ እስካሁን ላስቲክ ነው፣ ሱቅ ሱቅ ይላል፤
እያንዳንዱ ዓይኗ ዓሣ ይጠብቃል።

ስንደርስ ተጠምዛ፣ ተቋጥራ አገኘናት፣
መሐሏ ላይ አንድ ነጭ ነገር ከብዷት።
«ፌስታል ነው» አልኩ እኔ። አባቴ ዝም አለ።
ፌስታሉ ክንፍ አውጥቶ ውሃ ላይ ተንከባለለ።

ሻላ ነው። ትልቅ ነው፤ እኔን ያክላል።
ክሩ ምንቃሩ ላይ ሦስቴ ተጠምጥሟል፤
ከረጢት ጉሮሮው ቆስሎ ያንጠባጥባል።
ዓይኑ ግን
አይጮኽም፣ አይለምንም፤ ያያል።

ያኔ አራተኛ ክፍል ነኝ፤ ማባዛት ተምሬ፣
በጣቶቼ ያዝኩት ዕዳውን ቆጥሬ።
መረቧ ብትቆረጥ ስንት ወር ይጨምራል?
ትንሽ ብንጠብቀው እሱ ዝም ይላል፤
ዝም ያለን ወፍ ደግሞ መፍታት ይቀልላል።
ይህን ነው ያሰብኩት። ጾመኛ ነበርኩ።

አባቴ ከወገቡ ቢላዋውን መዞ፣
በሽርጡ ጫፍ ሸፍኖ፣ በግራ እጁ ይዞ፣
ከጀርባው ደበቀው። ስለቱን ሳያሳይ
በጉልበቱ ዳኸ ረጠቡ ደንገል ላይ።

«አባ፣ ልታርደው ነው?»
«የለም፤ ክሩን ልቆርጥ።»
«ታዲያ ለምን ደበቅከው?»
አባቴ ሳይዞር፣ ድምፁን ሳይለውጥ፣
«እሱ በምን ያውቃል?» አለኝ።

በምን ያውቃል ወፉ?
ስለት ሁሉ ለሱ አንድ ነው አፉ፤
ለማዳን የመጣው፣ ሊገድል ከመጣ
ምን ምልክት አለው፣ ከሰገባው ሲወጣ?

ክሩ ጠስ፣ ጠስ አለ። እኔ እቆጥራለሁ።
አሥራ ሰባት ዓይን። አሥራ ስምንት። እሰጋለሁ።
ሃያኛው ሲበጠስ ሻላው ክንፉ ወጣ፣
ምስጋና ይመስል የአባቴን ክንድ ቀጣ።
አባቴ እየሳቀ ደሙን እየጠረገ፣
ሻላው ውሃ ረግጦ፣ ሮጦ፣ ሮጦ፣ አረገ።

ስንመለስ ከሐይቁ ዓሣ አንድም የለን።
ሐጅ ሙዘይን ሰምተው «ለወፍ ነው?» አሉን።
«ለወፍ ነው» አለ አባቴ። ሌላ አልጨመረም።
ዕዳውም እንደዚያው፤ ሳንቲም አልቀነሰም።
እናቴ አኩርፋ ሦስት ቀን ዝም አለች፤
በአራተኛው፣ ሰማያዊ ክሯን ከሣጥን አወጣች።

በጁምዓው ኹጥባ ላይ ኢማሙ አወሱልን፤
በጫማዋ ቀድታ፣ የተጠማ ውሻ አጠጥታ የተማረችውን፣
ድመት ዘግታ በረሃብ ገድላ የተቀጣችውን።
ከፊቴ ያሉት ሽማግሌ እንባቸውን ጠረጉ።
አባቴ ግን ምሰሶ ተደግፎ አንቀላፍቷል፤
ሌሊቱን ሲሰፋ ነው ያደረው፣ ደክሞታል።
በክርኔ ልነካው አልኩና፣ እጁን አየሁ፤
ጣቶቹ ጭኑ ላይ ይሠሩ ነበር፤
ቋጠሮ፣ ቋጠሮ፣ በሌለ መርፌ፣ በሌለ ክር።
ተውኩት።

ዛሬ ሥጋ ቤት አለኝ፣ ከገበያው ጀርባ።
እኔ እንደ አባቴ አይደለሁም፤ የማርደው ሳልገድፍ ነው፣
ክር የምቆርጥበት ቀን የለኝም።
ቢላዋዬን ግን የምስል ከቆርቆሮው ወዲያ ነው፣
በጉ ከማያይበት፣ ድምፁም ከማይደርሰው።
ትናንት ረዳቴ፣ ትንሹ ልጅ ጠሃ፣
«ለሚታረድ ነገር መደበቅ ምን ሊረባ?» አለኝ።
«እሱ በምን ያውቃል» ልለው ነበር። አልወጣኝም፤
ያውቅ ይሆናል እንጃ።
ገመዱን አላላሁ፣ ከባልዲው ጠቆምኩት፤
«መጀመሪያ» አልኩት፣ «ስጠው እስኪ ውሃ።»