ኖራ

ከጎንደር በጠዋት፣ በጭነት መኪና፣
አዘዞን አለፍን፣ ቁልቁል ወደ ጣና።
የያዝኩት ሜትር ነው፣ እርሳስና ወረቀት፤
የተላክሁት ደግሞ ለፍርስራሽ ልኬት።
በቢሮ ቋንቋችን ሁሉም ነገር ቁጥር፦
ርዝመት፣ ወርድ፣ ውፍረት፣ የቀረ፣ የማይቀር።

ጎርጎራ ጥበቃው በሩ ላይ ቆመልኝ፤
(በር እንኳ የለውም፤ በር ያለ መሰለኝ።)
«ስምህን?» ብለው፣ «እንየው» አለኝ፤
«እሺ እንየው» ብዬ ስገባ ሳቀብኝ።

ጣሪያው ከወደቀ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤
ሰማይ ገብቶበታል፣ ሾላ በቅሎበታል፤
መሠዊያው ከነበረበት የፍየል በጠጥ አለ፣
የሐይቁ ነፋስ እንደ ዘገየ ዲያቆን ይመላለሳል።

«ቀና በል» አለኝ እንየው፣ በበትሩ እያሳየ።
ቀና አልኩ።
ከተረፈው ቅስት ሥር፣ ዝናብ ካልደረሰበት፣
ነጭ ድንጋይ ላይ የፈነዳ አበባ፤
ረድፍ በረድፍ፣ እያንዳንዱ በየሳጥኑ ተቀምጦ፣
አራት መቶ ክረምት ግድም ሳይረግፍ።

ጻፍኩ፦ «ጽጌረዳ። ብዛት ሃያ ሦስት። የባሕር ማዶ ንድፍ፤
የካቶሊክ መነኮሳት ይዘውት የመጡት።»
«ያቺ እንኳ ጽጌረዳ አይደለችም» አለ እንየው።
«የቷ?»
«ከጥጉ ያለችው። ቅጠሏን ደህና አርገህ እየው።
ኮሸሽላ ናት እሷ። እሾኋን አየህ?
ከብት አይነካትም፤ ከቤቴ ጓሮ ሞልታለች፣ ና ላሳይህ።»

እንግዲህ ያ መነኩሴ ንድፉን ዘርግቶ፣
በሰባራ አማርኛ፣ በእጁ ጭምር አብራርቶ፣
«ሮዛ፣ ሮዛ» ሲል፣
ጠራቢው፣ ደንቢያ ተወልዶ ደንቢያ የሞተው፣
ስሙን የትኛውም መዝገብ ያልያዘው፣
ጽጌረዳ በዓይኑ አይቶ አያውቅም ነበር።
ሃያ ሁለቱን እንደታዘዘው ጠረበ፤
ሃያ ሦስተኛዋ ላይ መሸበት፣ ወይም ሰለቸው፣
ወይም መነኩሴው ለጸሎት ወርዶ ኖሮ፣
መዶሻውን ወደ ጓሮው ላከ።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ማን ያጣዋል?
አዋጅ ወጣ፤
ካህኑ እንደገና ተካነ፣ ሕፃኑ እንደገና ተጠመቀ፣
ወንድም ወንድሙን ገጠመ፣
የገብሱ ማሳ ሬሳ አበቀለ።
ሌላ አዋጅ ወጣ፤ የፊተኛው ተሻረ፤
መነኮሳቱ በመጡበት ተሸኙ።
ጎንደርም ቆይታ ግንብ መሥራት ጀመረች፣
ቅስቱን ከማን እንዳየች ሳትናገር።
ይቺ ግን ቀረች።
የእነሱ እንዳትባል ሄደዋል፤
የእኛ እንዳትባል የእነሱ ነበረች።

«የእናንተ ናት ወይ?» ብዬ ጠየቅሁት።
«ኧረ የኛስ አይደለች! የካቶሊክ ናት ይላሉ።
አያቴ ለበረቱ ድንጋይ ወስዶባታል፤
እኔ ደግሞ የተረፈውን እንድጠብቅ ደሞዝ ይከፍሉኛል።»
እግሩን አየሁት። ባዶ ነው።
ጫማው ከውጭ፣ በሩ ከነበረበት፣ ጎን ለጎን ተቀምጧል።
«ታዲያ ጫማህ?»
«ስሟ ማርያም አይደል?» አለ። ሌላ አልጨመረም።

ግድግዳውን በጣቴ ነካሁት። ድንጋዩ ተሰንጥቋል፤
በድንጋይና በድንጋይ መካከል ያለው ግን፣
ያ ነጩ፣ ያ ደቃቁ፣ ያ አቃጥለው ያቦኩት፣
ነክሶ እንደያዘ ነው። አለቀቀም።

ማታ፣ በፋኖስ፣ ቅጹን ስሞላ፣
«የሕንፃዋ ሁኔታ» ይላል ከኋላ።
«ፈርሳለች» ብዬ ጻፍኩ፤ ሰረዝኩት።
«ቆማለች» አልኩ፤ እሱንም አጠፋሁት።
አንድ ቃል ብቻ አስፍሬ ፈረምኩ ከሥሩ፦
«ኖራ።»

አለቃዬ አየው፤ ቀዩን ብዕር አነሣ፤
«ይሄ እኮ ስለ ማያያዣው ነው፤ ቦታ ተሳስተሃል» አለና
ወደ ላይኛው መስመር
በቀስት አሻገራት።