ሁለት ደቂቃ

ገላን፣ ከመጋዘኑ ጓሮ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣
ኮምፕረሰሩ ቆመ። ዝም አለ በድንገት።
ከአጥሩ ማዶ ጅብ፣ ከጅቡ ማዶ የአዳማ መንገድ፣
ውስጥ የሦስት መቶ በግ ሥጋ፣ ሲነጋ ቦሌ የሚወሰድ።

ባለቤቱ በስልክ፦ «ሥጋዬ ዝም ብሎ ይበስብስ?
ያቺን ቡጢ የምታህል ሳጥን በሽቦ ዝለላት፣ ሞተሩ ይነሣ፣ ይተንፍስ!»

ሳጥኗን አውቃታለሁ።
ሁለት ቀጭን የመዳብ ቱቦ እንደ ሐኪም በጆሮዋ ሰክታ፣
የፓምፑን ግፊት ከሆዱ ግፊት ጋር ለክታ፣
ዘይት ሲሸሽ ትሰማለች።
አትጮኽም። ሁለት ደቂቃ ትታገሣለች፣
ከዚያ ጠቅ።
ጌታ ሎሌ አትል፣ ታቆማለች።

ጋሽ ሽብሩ አንዴ ዘለላት፣ አቃቂ፣ የአለቃ ቃል አክብሮ፤
እስከ ንጋት ሠራ ሞተሩ፣ በደረቀ ጉሮሮ።
ሲነጋ ብረት ብረትን በልቶ፣ ኩሽኔታው እንደ ሻማ ቀልጦ፣
«ማን አዘዘህ?» አለው አለቃው፣ ዓይኑን አፍጥጦ።
ዕዳው ከደመወዙ ሄደ።
ያቺን የተቃጠለች ሽቦ የቁልፍ ማንጠልጠያ አድርጎ ኖረ፤
ጡረታ ሲወጣ ለእኔ ሰጠኝ። ምንም አልተናገረ።

ማጣሪያውን ፈታሁት፤ ዝቃጩ እንደ አቃቂ ወንዝ ጠቁሮ፤
አጠብኩ፣ ገጠምኩ፣ ዘይት ሞላሁ፣ ጣቴ በብርድ ተሳስሮ።
ከዚያ ቀይዋን ቁልፍ በአውራ ጣቴ።
ተነሣ።
ቆጠርኩ። መቶ አሥራ ስምንት፣ መቶ አሥራ ዘጠኝ፣
መቶ ሃያ አንድ።
ጠቅ አላለችም።

ስልኩ ይጮኻል።
እሱም ሁለት ደቂቃ ይታገሥ።