ሙሌት

አንጎለላ ላይ ወደቅሁ፣ ከሰው ግንብ ጫፍ ላይ፣
መወጣጫው ከድቶኝ፣ ጀርባዬን ለድንጋይ።
ወጌሻው ቅቤውን አሙቆ ሲጠጋ፣
ወርቅያንሷል ጮኸች፦ «አትንኩት እስኪነጋ!»
ሳንቃ ላይ አሰሩኝ፣ በነጠላ ጠፍረው፤
ደብረ ብርሃን ሲነጋ፣ ሐኪሙ አከርካሪዬን ቆጥረው፣
«አንዱ ደቋል» አሉ፣ «ነርቩን ሳይጎዳ፤
ጀርባህን አንተለትልም፣ ይበቃናል ቀዳዳ፤
ብሎኑ በዚያ ያልፋል፤ ለጎደለው ቦታ
የዳሌህን ፍርፋሪ እንጠቀጥቃለን፣ በእርጋታ።»

እኔስ ምን ስሠራ ሠላሳ ዓመት ኖርኩ?
በድንጋይና ድንጋይ መሐል ሙሌት ስወትፍ ከረምኩ!
ካብ የሚቆመው በትልልቁ አይደለም፤
ያለ ሙሌት ጠጠር፣ ክረምት የሚያልፍ የለም።

ነቃሁ። ጀርባዬ ላይ አራት ትንንሽ ፕላስተር፤
«ይኸው ነው?» ትላለች ወርቅያንሷል፣ ደግማ ስትቆጥር።
ዳሌዬ ነው ያመመኝ፣ ምንም ያልሆነው፤
ለካ አበዳሪ ነው ሌሊት የሚያቃስተው።

«ሦስት ወር ድንጋይ እንዳታነሳ!»
እሺ።
ግን ያ የግቢው አጥር፣ ከአልጋዬ ይታየኛል፣
ሙሌቱን ሰስተውበታል፤
ሐምሌ ይጥለዋል።