ማዞሪያው

መብራት ጠፋ ደግሞ፣ ሳሙና በር ሁሉ፤
«አስነሳው!» ይላሉ፣ «ቶሎ በል!» ይላሉ።
እኔ ግን አልሮጥሁም።
ጋቢዬን አውልቄ ሚስማር ላይ ሰቀልሁት፤
ቺንጊያው አዛናውን በኩታው ጎትቶት
ሁለት ጣት ሲወስድበት
አይቻለሁና።

ቆርቆሮ በሩንም ወለል አርጌ ከፈትሁ፤
የጎንደር ብርድ ይግባ፣ ጭሱን ነው የፈራሁ።
ጭስ አይጮህ፣ አይነክስ፣ እንቅልፍ ነው የሚመስል፣
በማርሚታው ስንጥቅ ሾልኮ ሰው የሚጥል።

ዘንጉን መዝዤ ጠርጌ የዘይቱን ልክ አየሁ፣
ውሃውን ሞላሁ፣ ናፍጣውን ለካሁ።
(የራዲያተር ክዳን በትኩሱ አይከፈትም፤
ጉንጬ ላይ ያለው ጠባሳ ይመስክር።)

ከዚያ ማዞሪያው። እዚህ ላይ እቆማለሁ።
እጄ እጀታው ላይ፣ አንድ ስም እጠራለሁ፦
ፈንታሁን።
ወንድሜ የመብራት ኃይል ነው፣ ምሰሶ ላይ ነው አሁን፣
በቀበቶው ታስሮ፣ ጨለማውን አምኖ፣
«ሽቦው በድን ነው» ብሎ።
ከመስመሩ ሳልነጥል ሞተር ብቀሰቅስ
የኔ መብራት ሄዶ እሱ ጋ ነው ሚደርስ።

ቋ! ወደ ታች።
ቁልፉን አዞርሁ። አጉረመረመ፣ ሳለ፣ ጥቁር ተፋ፤
ጭነት አልሰጠሁትም ሳሉ እስኪጠፋ።
ከዚያ በኋላ ነው ማዋለጃው የበራ።
ነርሷ ብቅ ብላ፣ «ምን አዘገየህ?» አለች።
ምን ልበላት።

ሊነጋ ሲል ስልክ፤ ፈንታሁን ነው፦
«ወርጃለሁ። መስመሩ መጥቷል፣ አጥፋ።»
ጭነቱን አወረድሁ፤
ሞተሩን ግን ጥቂት በባዶው አስኬድሁት፣
ሙቀቱ ይውጣለት።
እኔም ዳር ቆሜ ነው፣
እጄን ያረጋጋሁት።