የዛሬ ሃያ ዓመት

ሐሙስ ዐሥራ አንድ ሰዓት፣ ከፖስታ ቤት ጀርባ፣
ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሰው ገና ሳይገባ፣
መቶ ሃያ ወንበር ደርድሬ ስጨርስ፣
ላቤን ሳላደርቅ፣ ትንፋሼ ሳይመለስ፣
«አንድ፣ ሁለት… አንድ፣ ሁለት… ይሰማል?» እላለሁ።
ወንበር መች ይመልስ!
ጽጌማርያም ብቻ፣ በር ላይ፣ ባልዲዋን አስቀምጣ
«ይሰማል!» ትለኛለች፤ ትመለሳለች ወደ መወልወሏ።

የእኔ ንግግር ይኸው ነው፣ አምስት ዓመት ሙሉ።
ከዚያ የሰው ቃል ማመላለስ ነው ውሎዬ ሁሉ፤
ከረድፍ ወደ ረድፍ፣ ከእጅ ወደ እጅ፣
እንደ ታክሲ ረዳት፣ ሒሳብ አልቀበልም እንጂ።

መድረኩ ላይ ጨርቅ አለ፦ «ከተማችን፣ የዛሬ ሃያ ዓመት»።
ያው ጨርቅ ነው። አምናም ሃያ፣ ካቻምናም ሃያ ነበር፤
ከሃያው ላይ ሁለቱን የሚቀንስ ሰው ጠፍቶ
ታጥፎ ይቀመጣል፣ ይሰቀላል ተዘርግቶ።

ዶክተር ልሳነወርቅ ሩብ ሰዓት ተሰጥቷቸው ሃምሳ ደቂቃ ሄዱ፤
ወንዙን አጠቡት፣ ባቡር ከምድር በታች ሰደዱ።
ሥዕላቸው ላይ ዛፎቹ ሁሉ እኩያ ናቸው፤
የሚቸኩል የለም፣ ፌስታል ያንጠለጠለ የለም፣
ዝናብ የያዘው የለም።
ብዙ ፈለግኩ፤ የማውቀው አንድ ፊት የለም።

«ጥያቄ ብቻ፣» አለች አወያይዋ ረድኤት፣ «ሁለት ሁለት ደቂቃ።»
ክራባት ያሰረው ተነሣ፦ «ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው።»
አለና ማይኩን በሁለት እጁ ያዘ።
በሁለት እጅ የያዘ ቶሎ እንደማይለቅ አውቃለሁ፤
አጠገቡ ቆሜ የወለሉን ንጣፍ ቆጠርኩ።

ከመጨረሻው ረድፍ፣ ባርኔጣቸው ጉልበታቸው ላይ፣ ጋሽ ድንበሩ፦
«የዛሬ ሃያ ዓመት» ብለው ጀመሩ፣
«እዚህ ቁልቁለቱ ላይ የማኅተም ቅርጽ ቤት ነበረኝ፣
ሦስት በሁለት።
ደብዳቤ ሊያስገባ የመጣ ሁሉ ደጄን ሳይረግጥ አያልፍም።
ጎረቤቴ ሙዘይን ሰዓት ሠሪው
የሰው ሰዓት ሲያስተካክል የራሱን ምሳ የሚረሳ…»

«አባቴ፣ ይቅርታ፣» አለች ረድኤት፣
«የምንነጋገረው ስለወደፊቱ ነው፣ ስላለፈው አይደለም።»

ዞር ብለው ጨርቁን አነበቡ።
መነጽራቸውን ጠርገው ደግመው አነበቡ።
«ልጄ፣ ‹የዛሬ ሃያ ዓመት› ነው የሚለው፤
አማርኛው አልለየውም።
የሄደውም የሚመጣውም በአንድ ስም ነው የሚጠራ።»

ሳቅ ሆነ። ከዚያ ሳቅ ያልሆነ ዝምታ።
ሁለት ደቂቃው አልፏል፤ ረድኤት በዓይኗ ጠቀሰችኝ፤
እጄ አልዘረጋ አለኝ።

«ሱቄ ፈረሰ ብዬ አላለቅስም፤ ጣራው ያፈስ ነበር።
ግን ስትሥሉት፣ ያንን ሥዕል፣
ከታችና ከላይ መሐል፣ አንዲት መቀመጫ ጣል አድርጉበት።
ዳገቱን አላነሣችሁትማ።
ይኸው ነው።»

ማይኩ ሲመለስልኝ ሞቆ ነበር።

ኢፍቱ የምትባል ተማሪ እጇን ሳታወጣ ተነሣች፦
«በየስንት እርምጃው?»
ያለ ማይክ ነው፤ ተሰማ።
ዶክተሩ ወረቀት ገለጡ፣ ሌላ ገለጡ፣
«እሱ እንግዲህ የበጀት…» ሲሉ
ጥበቃው አሰፋፈር ሳይል ቁልፉን አንቃጨለ፤
ሁለት ሰዓት። ሰባት እጅ ተሰቅሎ ሳለ
መጪው ዘመን ለሚቀጥለው ሐሙስ ተላለፈ።

ወንበር ሳነባብር በመስኮት አየኋቸው፦
ባለክራባቱና ኢፍቱ የታክሲ ሰልፍ ላይ፣
እሱ በእጁ አየር ሲለካ፣ እሷ «አይ፣ አይ፣» ስትል፣
ሰልፉ እየገፋቸው።

ደረጃው መታጠፊያ ላይ ግን ጋሽ ድንበሩ
ግድግዳ ይዘው ቆመው ነበር፣ ሌላ ሁለት ፎቅ ቀርቷቸው።
አንድ ወንበር ይዤ ወረድኩ። ምንም አልተባባልንም።

ጥበቃው ላይ ሆኖ ይቆጥራል፦
«መቶ ዐሥራ ስምንት… መቶ ዐሥራ ዘጠኝ… አንድ ጎደለ!»

«አልጎደለም፣» አልኩት ከታች። «ሰው አለበት።»